አንድ ምህፃረ ቃል፣ ብዙ ትርጉም

ምህፃረ ቃል ጊዜንና ቦታን ለመቆጠብ የሚያገለግል የአጻጻፍ ዘዴ ነው። ረጃጅም የበሽታና የመድኃኒት ስሞችን በየዕለቱ የሚጽፉ ሐኪሞች በሁለትና በሦስት ፊደላት ቢያሳጥሯቸው አያስደንቅም። ይሁን እንጂ 26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት በሁለት በሁለት ሲቀናጁ የሚሰጡት 676 ጥምረቶችን ብቻ ነው። በሽታዎች፣ መድኃኒቶችና ምርመራዎች ግን ከዚህ ቁጥር እጅግ የላቁ ናቸው። ስለሆነም አንዱ ምህፃረ ቃል ለብዙ ነገሮች መጠሪያ መሆኑ አይቀርም።

«ኤም ኤስ» ምንድን ነው?

«ኤም ኤስ» ለልብ ሐኪም ማይትራል ስቴኖሲስ፣ ማለትም በግራ የልብ ክፍሎች መካከል የሚገኘው ቫልቭ መጥበብ ነው። ለነርቭ ሐኪም ደግሞ መልቲፕል ስክለሮሲስ የተባለው የአንጎልና የኅብለ ሰረሰር በሽታ ነው። በመድኃኒት ማዘዣ ላይ ሲሰፍር ግን ሞርፊን ሰልፌት ወይም ማግኒዥየም ሰልፌት ሊሆን ይችላል። ሞርፊን ብርቱ ሕመምን ያስታግሳል፤ ማግኒዥየም ሰልፌት በእርግዝና ጊዜ ከደም ግፊት ጋር ተያይዞ የሚመጣውን የኤክላምፕሲያ መንቀጥቀጥ ይከላከላል። አንዱ በሌላው ቢተካ፣ ታማሚዋ የሚያስፈልጋትን መድኃኒት ታጣለች፤ ያልታዘዘላት ሞርፊን መጠኑ ከበዛም ትንፋሿን እስከማቆም ይደርሳል።

ዐውድ ሁልጊዜ አያድንም

«አንባቢው ከዐውዱ ይረዳዋል» የሚሉ አሉ። ብዙውን ጊዜ እውነት ነው። ሆኖም «ፒ ኢ» የሚለው የሳንባ ደም ሥር በረጋ ደም መዘጋትንም፣ በሳንባ ዙሪያ ፈሳሽ መጠራቀምንም ያመለክታል። ሁለቱም ታማሚውን ትንፋሽ ያሳጥሩታል፤ ስለዚህ ምልክቱ ብቻውን አይለያቸውም። ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው፤ የመጀመሪያው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይሻል፤ ሁለተኛው ፈሳሹን በመርፌ መቅዳት ሊያስፈልገው ይችላል።

የታማሚው ካርድ ከድንገተኛ ክፍል ወደ መኝታ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ሌላ ሆስፒታል ሲሻገር ጸሐፊው አብሮት አይሄድም። ጽሑፉ በኮምፒዩተር ቢተየብም ችግሩ አይወገድም፤ ጥርት ብሎ የተጻፈ «ኤም ኤስ» ያው አራት ትርጉም አለው።

መፍትሔው

ጆይንት ኮሚሽን የተሰኘው የአሜሪካ የጤና ተቋማት መዛኝ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ሊጻፉ የማይገባቸውን አህጽሮቶች ዝርዝር አውጥቷል። «ኤም ኤስ» ከእነዚህ አንዱ ሲሆን፣ የሁለቱም መድኃኒቶች ስም ተሟልቶ እንዲጻፍ ታዟል። ዩኒት የሚለውን ቃል የሚወክለው «ዩ»ም ተከልክሏል። ፊደሉ አፉ ተገጥሞ ሲጻፍ ዜሮ ስለሚመስል፣ 10 ዩኒት ኢንሱሊን 100 ተብሎ ሊነበብ ይችላልና።

በአገራችን የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ በመሆኑ ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። የነገዎቹ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ከወዲሁ ሊያዳብሩት የሚገባ ልማድ ቀላል ነው፦ ሙሉውን ስም መጻፍ፤ የሚያሻማ ምህፃረ ቃል ሲገጥም ደግሞ ከመገመት ይልቅ ጸሐፊውን መጠየቅ። ጸሐፊው የሚቆጥባት ጥቂት ሴኮንድ የታማሚውን ሕይወት ልታስከፍል አይገባም።