ከቆሼ ሥር የሚሄደው ውኃ

አራት የብረት ካስማዎች በአንድ ቀጥ ያለ መስመር በመዶሻ ይመታሉ። መሬቱ ደረቅ ከሆነ ባለሙያው በየካስማው ሥር ጨው የተበጠበጠበት ውኃ ያፈሳል፤ ብረቱና አፈሩ ካልተገናኙ ንባቡ አይታመንም። በዳርና ዳር ባሉት ካስማዎች ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ይለቀቃል፣ መሐል ያሉት ሁለቱ የቮልቴጁን ልዩነት ይይዛሉ፣ ከዚህም መሬቱ ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ ምን ያህል እንደሚከለክል በኦም ሜትር ይሰላል። ካስማዎቹ በተራራቁ ቁጥር መሣሪያው ጠልቆ ያያል። ፈረንሳዊው ኮንራድ ሽሉምበርዤ እ.ኤ.አ. በ1912 የጀመረው ይህ ዘዴ ጉድጓድ ሳይቆፈር ከርሰ ምድርን ያስነብባል።

ያልተሰነጠቀ ደረቅ ጥቁር ድንጋይ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች ኦም ሜትር ይነበባል። ከቆሻሻ ክምር የሚወጣው ጨው የበዛበት ጥቁር ፍሳሽ ግን ብዙ ጊዜ ከ10 በታች ይወርዳል። ለአዲስ አበባው የቆሻሻ ክምር፣ ለቆሼ፣ ይህን መሣሪያ የምመኘው ለዚህ ነው።

ቆሼ ከ50 ዓመት በላይ የከተማዋን ቆሻሻ ተሸክሟል። ስፋቱ 36 ሄክታር ገደማ ነው፤ የከተማዋ ዓመታዊ ዝናብ ደግሞ 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል። ሲባዛ በየዓመቱ ከ400 ሺህ ሜትር ኩብ በላይ ውኃ እዚያ ላይ ይወርዳል። ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉ በጎርፍ ይሄዳል፣ የቀረው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ውስጥ የተጠራቀመ ውኃ ክምሩን ያከብደዋል፤ ግፊቱም ተያይዞ የቆመውን ያላላዋል፤ ዝናቡ ካባራ ከወራት በኋላም እዚያው ሊቆይ ይችላል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ምሽት ክምሩ ሲናድ ክረምት አልነበረም። ከ110 በላይ ሰዎች፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት፣ እዚያው ቀሩ። ያን ምሽት ሳስብ፣ ከላይ የሚታየውን ብቻ ማየት እንደማይበቃ ይሰማኛል።

ካስማዎቹ ብቻቸውን ግን ያሳስታሉ፤ እርጥብ ዋልካም ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣልና። ስለዚህ አፈሩም ይለካል። ላይና ታቹ ክፍት የሆነ የብረት ቀለበት ጥቂት ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ይሰካል፣ ውኃ ይሞላበታል፣ በማስመሪያና በሰዓት አወራረዱ ይመዘገባል። ዋልካ በበጋ ይሰነጠቃል፣ የመጀመሪያውን ዝናብ በስንጥቁ ይውጣል፤ ከዚያ አብጦ ይዘጋል። ያው ቀለበት በሰኔና በነሐሴ ሁለት የተለያየ መልስ ይሰጣል።

ከባሕር ዳር በስተደቡብ በምትገኘው ደብረ ማዊ ተፋሰስ የባሕር ዳርና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያጠኑትም አፈሩን መለካት ለምን እንደሚጠቅም ያሳያል። ተዳፋቱ ላይ ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ይሰርጋል፣ ከሥር ያለው ጠጣር ንጣፍ ሲከለክለው ጎን ለጎን ይወርዳል፣ እግርጌው ላይ አፈሩ ሲጠግብ ጎርፍ ሆኖ ይወጣል። ውኃው የሚታይበትና የገባበት ቦታ አንድ አይደለም።

የቆሼ እግርጌ ወደ ትንሹ አቃቂ ያዘነብላል። በወንዙ ዳር ጎመንና ሰላጣ በዚያው ውኃ ይለማል፤ ወንዙም ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳል። የካስማው መስመር ከክምሩ ግርጌ ተነሥቶ እስከ ወንዙ ዳር መዘርጋት አለበት፤ በጥር አንዴ፣ በነሐሴ አንዴ፣ በየዓመቱ በዚያው ቦታ። በጥር ከክምሩ ሥር የነበረው ዝቅተኛ ንባብ በነሐሴ ወደ ወንዙ ቀርቦ ከተገኘ፣ ከአፈሩ ልኬት ጋር ተነጻጽሮ ፍሳሹ በየት በኩል እንደሄደ ሊጠቁም ይችላል።