የእግር ኳስ ቅድመ ዘገባና የገጽ መጠን

ጋዜጣ የገጹን መጠን የሚመርጠው ለውበት ብቻ አይደለም፤ አንባቢው የትና መቼ እንደሚያነበው በማሰብ ጭምር ነው። ሰፊው ገጽ የሁለቱን ቡድኖች አሰላለፍ ጎን ለጎን በአንድ እይታ ያሳያል። የሰፊው ገጽ እኩሌታ የሆነው ታብሎይድ ግን በአውቶቡስ ውስጥም ሆነ ነፋስ በሚነፍስበት የራያ ሜዳ ለመያዝ ይመቻል፤ ከዋናው ጋዜጣ ተነጥሎም ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

ጊዜም ይታሰብ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች። የዚህ ዓይነቱ ግጥሚያ ቅድመ ዘገባ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ደሴንና ወልድያን አልፎ፣ ቆቦ ሲገባ ጨዋታው ካለቀ ምን ይጠቅማችኋል? ስለዚህ ለሩቅ አንባቢ የሚሻለው፣ አስቀድሞ ታትሞ የሚላክ ተነጣይ ታብሎይድ ነው። እናንተም ለትምህርት ቤታችሁ ጋዜጣ ስታዘጋጁ፣ ከወረቀቱ በፊት አንባቢውን አስቡ።