የኒሴኮ በረዶና የወር ምርጫ፤ ከልጅና ከአዛውንት ጋር ለሚጓዙ

እኛ «በረዶ» የምንለው ብዙ ነገር ነው። በሐምሌ ቆርቆሮውን የሚደበድበው ጠጠር በረዶ ነው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋው ውኃም በረዶ ነው፤ በሩቅ አገር እንደ ተነደፈ ጥጥ እየተንሳፈፈ የሚወርደውም ያው በረዶ ይባላል። ይህን ሦስተኛውን በቅርብ ያወቅሁት ከነርስነት ሥራዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ልጄ ከቤተሰቧ ጋር የምትኖርበትን የሰሜን ጃፓን ደሴት ሆካይዶን ስጎበኝ ነው። ኒሴኮ ወደሚባለው የበረዶ መንሸራተቻ ስፍራም የስድስት ዓመት የልጅ ልጄን ይዘን ሄደናል። ልጆቻቸው በብርድ አገር የሚኖሩ ወላጆች ዛሬ ብዙ ናቸውና፣ የስፍራውን የአየር ጠባይና ሰውነታችን የሚፈልገውን ጥንቃቄ ላካፍላችሁ።

ይህ ሁሉ በረዶ ከየት ይመጣል?

በመጀመሪያ የገረመኝ ከፍታው ነው። ሰዎች የሚንሸራተቱበት የኒሴኮ አኑፑሪ ተራራ ጫፉ 1,308 ሜትር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከዚህ ጫፍ በ1,000 ሜትር ያህል ትበልጣለች! ፊት ለፊቱ የቆመው የዮቴይ ተራራ እንኳ 1,898 ሜትር ነው።

ብርዱን የሚያመጣው ከፍታው ሳይሆን ነፋሱ ነው። ከሳይቤሪያ የሚነሳው ደረቅና እጅግ ቀዝቃዛ ነፋስ የጃፓንን ባሕር ያቋርጣል። ባሕሩ ከነፋሱ ይልቅ ሞቃት ስለሆነ እንፋሎት ይሰጠዋል። እርጥበት የጫነው ደመና ተራራው ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ይገፋል፣ ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ ሸክሙንም እዚያው ያራግፋል። በአንድ ወቅት የሚወርደው በረዶ ሲደመር 15 ሜትር ገደማ ይሆናል። እየታመቀ ስለሚሄድ መሬት ላይ የሚቆየው ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው።

ወራቱ አይመሳሰሉም

የእነርሱ የብርድ ወቅት የሚውለው በእኛ በጋ ነው። መንሸራተቻው አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈተው በኅዳር መጨረሻ ገደማ ነው። ያን ጊዜ በረዶው ገና ስስ ስለሆነ ቁጥቋጦው ይታያል። በታኅሣሥ እየወፈረ ይሄዳል፤ ፀሐይ ደግሞ ከቀትር በኋላ ወደ አሥር ሰዓት ላይ ትጠልቃለች።

ጥር ዋናው ወር ነው። እኛ ጥምቀትን በፀሐይ ስናከብር እዚያ በየቀኑ ለማለት በሚያስችል ሁኔታ ይጥላል። ተራራው ግርጌ እንኳ ሙቀቱ ቀኑን ሙሉ ከዜሮ በታች የሚውልባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ ጫፉ ላይ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪና ከዚያም በላይ ይቀዘቅዛል። ነፋስ ሲበረታ ሰው የሚያወጡት የገመድ ወንበሮች ይቆማሉ። በረዶው እንደ ዱቄት ደረቅ ስለሆነ ጨብጠው ሊያድቦለቡሉት ቢሞክሩ ይበተናል። ወጣቶች ከዓለም ዙሪያ የሚጎርፉት ለዚህ ነው። ሰማዩና መሬቱ በአንድ ነጭ ሲዋጡ ግን ጥቂት እርምጃ የቀደመ ሕፃን ከዓይን ይሰወራል።

የካቲትም ቀዝቃዛ ነው፤ ወደ መጨረሻው ግን ፀሐይ ብቅ ማለት ትጀምራለች። በመጋቢት ቀኑ ይረዝማል፣ ብርዱ ይለዝባል። ቀን የቀለጠው ሌሊት ስለሚጋገር ጠዋት መንገዱ እንደ መስተዋት ያንሸራትታል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይላቁጣል። ከጣሪያ ተንሸራቶ የሚወድቀው የበረዶ ክምር ሰው ስለሚጎዳ ልጆች ከግድግዳ ሥር እንዳይጫወቱ ይጠበቁ። በሚያዝያ በረዶው ወደ ተራራው ላይኛው ክፍል ይሸሻል።

ለልጆች

ሕፃን ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ብዙ ስለሆነ ሙቀቱን ከአዋቂ ፈጥኖ ያጣል። ከውስጥ የሚለበሰው ጥጥ አይሁን፤ ጥጥ ላብ ይዞ ገላን ያቀዘቅዛል። ሱፍ ወይም ለስፖርት የተሠራ ልብስ ይሻላል።

የልጅ ልጄ ውጭ አንድ ሰዓት ያህል እንደቆየ ጉንጩ ላይ የሳንቲም ስፋት ያለው ነጭ ምልክት አየሁ። ስነካው «አይሰማኝም» አለኝ። ወዲያው ቤት አስገብቼ ሞቃት መዳፌን አሳረፍኩበት፤ ከደቂቃዎች በኋላ መልኩ ተመለሰ። እንዲህ ያለውን ቦታ ማሸትም ሆነ እሳት ዳር ማቅረብ አይገባም። ጣት ሲሆን ከ37 እስከ 40 ዲግሪ ለብ ባለ ውኃ ይነከራል። ውኃ ከቋጠረ ወይም ስሜቱ ካልተመለሰ ሐኪም ማየት አለበት።

የሚንቀጠቀጥ ልጅ ገና እየተከላከለ ነው። ሳይሞቅ መንቀጥቀጡን ትቶ ከፈዘዘ፣ ምላሱ ከተሳሰረ ወይም እንቅልፍ ከጣለው አደጋ ነውና ለድንገተኛ ሕክምና እርዳታ ጥሩ።

ፀሐይ በወጣበት ቀን አዲስ በረዶ ጎጂውን የፀሐይ ጨረር እስከ 80 በመቶ መልሶ ፊት ላይ ይረጨዋል። ስለዚህ ጥቁር መነጽርና የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለልጆችም ያስፈልጋሉ። በገመድ የተከለለውን ማለፍም ፈጽሞ ክልክል ነው።

ለእኛ ለአዛውንቶቹ

ብርድ የደም ሥርን ያጠብባል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። በዚያ ላይ አካፋ ይዞ በረዶ መዛቅ ለልብ ከባድ ሥራ ነው። ከ2005 ወደ 2006 በተሻገረው የብርድ ወቅት በመላ ጃፓን 152 ሰዎች በበረዶ ምክንያት ሞተዋል፤ ብዙዎቹ በረዶ ሲጠርጉ የነበሩ አረጋውያን ናቸው። ስለዚህ ልጆቻችንን ለመርዳት ብለን አካፋ አናንሳ።

ከብርድ ገብቶ ፍልውኃ ውስጥ ድንገት መዘፈቅም ግፊቱን ያዋዥቀዋል። የውኃው ሙቀት ከ41 ዲግሪ፣ ቆይታውም ከ10 ደቂቃ አይብለጥ፤ ሲወጡም ቀስ ብለው ይነሱ። «ለብርዱ» እየተባለ የሚቀመሰው አልኮል የቆዳን የደም ሥር ከፍቶ ሙቀታችንን ያስወጣል እንጂ አያሞቀንም።

የከሰልን ጭስ አልባ መርዝ ለምናውቅ ለእኛ አንድ ነገር ልጨምር። የቆመ መኪና የጭስ ማውጫው በበረዶ ከተደፈነ ያው መርዝ ወደ ውስጥ ይገባል። ሞተር ከመነሳቱ በፊት ማውጫው ይጠረግ፤ በረዶ እየጣለ ሞተሩን አስነስቶ መኪና ውስጥ መተኛትም አይገባም።

ወሩን ማን ይምረጥ?

ወጣቶቹ ጥርን ይመርጣሉ፤ ምርጡ በረዶ ያን ጊዜ ነውና አይፈረድባቸውም። ነገር ግን ለበረዶው ምርጥ የሆነው ወር ለቤቱ ትንሽና ለቤቱ ትልቅ ከባዱ ወር ነው። ሕፃን፣ የልብ ወይም የግፊት ሕመምተኛ ካለ መጋቢት ይሻላል፤ መውጫውም መንገዱ ሲለሰልስ ረፈድ ብሎ ቢሆን ይመረጣል። የግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ትኬት ሳይቆረጥ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ መድኃኒታችሁንም ለጉዞው ከሚበቃው ጥቂት ቀን አስተርፋችሁ በእጅ ሻንጣ ያዙ። ልጆቻችሁ «መቼ ትመጣላችሁ?» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ «እንደተመቻችሁ» አትበሉ፤ ወሩን ራሳችሁ ንገሯቸው።