ሸራ የማያውቀው ታንኳ

ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አፍ፣ በወንዙ በሁለቱም ዳር፣ ከሰው ቁመት በላይ ተመዞ የቆመው ተክል ደንገል ነው። አንዱን ዘንግ ቆርጦ ያየ ሰው ታንኳ ለምን ከእሱ እንደሚሠራ ወዲያው ይገባዋል። ዘንጉ ሦስት ማዕዘን፣ ልጡ ጠንካራ፣ ውስጡ አየር የሞላው ነጭ ስፖንጅ ነው።

በታንኳ ሥራ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብን የሚያህል የለም። ደንገሉ ታጭዶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ በነዶ በነዶ እየታሰረ ይያያዛል፣ አፍንጫውም ወደ ላይ ይቆለመማል። ቀዛፊውና ጭነቱ ከውኃው ከፍ እንዲሉ መሃሉ ላይ ሌላ ደንገል ይነጠፋል። ታንኳ እንደ ጀልባ ጎድጓዳ ስላልሆነ ውኃ ሞልቶት አይሰጥምም። ክፋቱ መጠጣቱ ነው፤ ስለዚህ ከጉዞ መልስ ዳር ወጥቶ ይደርቃል። ሸራ የለውም። ቀላልና ከሥሩ ጠፍጣፋ በመሆኑ የጎን ነፋስ ይገፋዋል፤ ቀዛፊው ረጅሙን ዘንግ መሃሉ ላይ ይዞ ግራና ቀኝ እያጠለቀ ይነዳዋል።

የጣና ደንገል ግን ሸራ ተሸክሞ ውቅያኖስ ተሻግሯል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ታንኳ አትላንቲክን ማቋረጥ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተክሉን ከጣና አስጭኖ ወሰደ። የመጀመሪያዋን ታንኳ «ራ»ን የቻድ ሐይቅ ሰዎች ሠሯት፤ ግንቦት 1961 ዓ.ም. ከሞሮኮዋ ሳፊ ተነሣች። በጥንት ግብፃውያን ሥዕሎች የሚታየው፣ የተቆለመመውን ኋላ ከመሃሉ ጋር ወጥሮ የሚይዘው ገመድ ለቅርጽ ብቻ መስሏቸው ቀርቶ ነበርና ኋላዋ እየረጠበ ወረደ፤ ወደ 5,000 ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ ተተወች። በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች የተሠራችው «ራ 2» ግን ግንቦት 9 ቀን 1962 ዓ.ም. ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ይህን ታሪክ የጣና ዳር ልጅ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል እላለሁ።

ዛሬ ደንገሉ እየሳሳ ነው። ሐይቁ ሲሸሽ በሚለቀው መሬት ላይ የሚታረሰው ባሕር ሸሽ እርሻ ይገፋዋል፤ ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ደግሞ እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁን ወርሯል። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መመዝገቡ ብቻውን ደንገሉን አላዳነውም። ደንገል ቢታጨድ ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ በማረሻ ከተገለበጠ ግን አይመለስም። ዳርቻውን የምታርሱም፣ በዳርቻው የምትገነቡም፣ እባካችሁ ሥሩን ተዉለት።