ኮምፒውተር ቃል ይሰማል፣ ነገር አይገባውም



በዶርማችሁ ፕሮግራሚንግ የሚማር ሰው ካለ በሁለት ነገር ትለዩታላችሁ። አንደኛ፣ ሁሉም ተኝቶ እሱ ብቻውን ከስክሪን ጋር ይጨቃጨቃል። ሁለተኛ፣ ለሱብሒ ሲቀሰቅሱት ዐይኑ ቀልቶ «አንዲት ምልክት ናት! አንዲት ምልክት!» ይላል። አይዟችሁ፣ ልጁ ጤነኛ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያነጋግር ያደረው ግን ነገር የማይገባውን ፍጡር ነው። ይህ ጽሑፍ የዚያን ፍጡር ጠባይ ያስረዳል። ኮምፒውተር የማትማሩም አንብቡት፤ ስማችሁ፣ የልደት ቀናችሁና ገንዘባችሁ ያሉት በእሱ እጅ ነውና።

የላሟ ነገር

ፕሮግራም ማለት ለኮምፒውተር በቅደም ተከተል የተጻፈ ትእዛዝ ነው። ጋይንት፣ ስማዳ ወይም እስቴ ላደገ ሰው በላም ማስረዳት ይቀላል። እናት ከጓዳ ሆና «እስኪ ውጣና ላሟ ገብሱ ውስጥ ገብታ እንደሆነ እይ» ትላለች። ልጅ ይወጣል፣ ያያል፣ ላሟን አባርሮ ይመለሳል። «አባርር» ያለው የለም፤ ነገሩ ግን ገብቶታል።

ኮምፒውተር ይወጣል፣ ያያል፣ ተመልሶ «አዎ፣ ገብታለች» ብሎ ይቀመጣል። እናት ተናዳ «ታዲያ አባርራት!» ብትለው ያባርራታል። የት ድረስ እንደሆነ ስላልተነገረው ግን ጉና ተራራን አሻግሮ ማባረሩን ይቀጥላል። ገብሱ ቢታጨድ፣ ላሟ ብትሸጥ፣ ባዶውን ሜዳ ያባርራል። እኛ ይህን «ማለቂያ የሌለው ዙር» እንለዋለን። ስልካችሁ ድንገት ደርቆ እየጋለ ሲሄድ አንዳንዴ ውስጡ የሚሆነው ይኸው ነው፤ አንድ ፕሮግራም «አቁም» ያላለው ሰው ስለሌለ ላም እያባረረ ነው።

ያቺ «አንዲት ምልክት» ደግሞ ብዙ ጊዜ ሴሚኮለን ናት። እንደ ሲ እና ጃቫ ያሉ ቋንቋዎች ትእዛዝ ማለቁን በእሷ ያውቃሉ። በ12ኛው መስመር ላይ ብትረሷት ማሽኑ ብዙ ጊዜ «ስህተቱ 13ኛው ላይ ነው» ይላችኋል። 12ኛው ማለቁን የነገረው ስለሌለ ማንበቡን ቀጥሎ ግራ የሚገባው 13ኛው ላይ ሲደርስ ነው። አንዱ ያጠፋል፣ ጎረቤቱ ይከሰሳል። ተማሪው ንጹሑን 13ኛ መስመር ሲመረምር ይነጋል።

አንደኛው ዜሮ ነው

በብዙዎቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ቆጠራ የሚጀምረው ከዜሮ ነው። አስር ሰው የቆመበትን ሰፍ ኮምፒውተር ቢቆጥር የመጀመሪያው ሰው ቁጥር 0፣ የመጨረሻው ቁጥር 9 ነው። «ቁጥር 10ን ጥራ» ካላችሁት ማንም ወደሌለበት ዞሮ ይጣራል። ያብዳል ማለት ግን አይደለም። ለእሱ ቁጥሩ «ከመነሻው ስንት እርምጃ ይርቃል?» ለሚለው መልስ ነው። የመጀመሪያው ሰው መነሻው ላይ ስለቆመ ርቀቱ ዜሮ ነው።

ዜሮ የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ባዶ ማለት ከሆነው «ሲፍር» ከሚለው የዐረብኛ ቃል ነው። የግእዝ ቁጥራችን ዜሮ የለውም፤ ከ፩ ይጀምራል። በ9ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ በዜሮ ስለሚሠራው የሕንድ አቆጣጠር ጽፎ ነበር። «አልጎሪዝም» የምንለው ቃል የእሱ ስም በላቲን አፍ ተለውጦ የወጣ ነው፤ «አልጀብራ» ደግሞ ከመጽሐፉ ርእስ «አል-ጀብር» ተወስዷል። ስለዚህ የአልጎሪዝም ፈተና የጣለው ሰው ማንን መውቀስ እንዳለበት አይቸገርም። ግን እሱን ከመውቀሳችሁ በፊት ቀጣዩን አንብቡ።

አስርና ሃያ ሳንቲም

በብዙ የፕሮግራም ቋንቋዎች ኮምፒውተርን 0.1 ሲደመር 0.2 ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ 0.30000000000000004 ነው። «ከ0.3 ጋር እኩል ነው?» ብትሉት «አይደለም» ብሎ ይከራከራችኋል። አስር ሳንቲምና ሃያ ሳንቲም ደምሮ የሚስት ማሽን ጨረቃ ላይ ሰው አድርሷል!

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሲሶን በአስርዮሽ ስንጽፍ 0.333 እያልን አንጨርሰውም። ኮምፒውተር የሚጽፈው በ0 እና በ1 ብቻ ስለሆነ ለእሱ አንድ አስረኛም እንደዚሁ አያልቅም። የሆነ ቦታ ላይ ይቆርጠዋል፤ ቁራጯ በኋላ ትወጣለች።

መድረሳ የተማራችሁ መፍትሔውን ታውቁታላችሁ። በፈራኢድ ትምህርት ሟች ሚስት፣ እናት፣ አባትና አንድ ወንድ ልጅ ቢተው ለሚስት 1/8፣ ለእናት 1/6፣ ለአባት 1/6፣ ቀሪው ለልጁ ነው። ኡስታዙ 0.125 እና 0.1666 እያሉ አይደምሩም። ንብረቱን 24 ቦታ ያደርጉታል፤ 3 ለሚስት፣ 4 ለእናት፣ 4 ለአባት፣ 13 ለልጅ። ሁሉም ሙሉ ቁጥር ነው፤ የማንም ሐቅ በነጥብ ጀርባ አይጠፋም። ጥሩ የባንክ ፕሮግራም ጸሐፊም እንዲሁ ያደርጋል፤ ብርን በነጥብ ሳይሆን ሳንቲምን በሙሉ ቁጥር ያስቀምጣል። የአል-ኸዋሪዝሚ የአልጀብራ መጽሐፍም ሰፊ ክፍሉ የውርስ ስሌት ነው።

ቁናው የማን ነው?

ሁለት ነጋዴዎች «አስር ቁና» ብለው ተስማምተው የየራሳቸው ቁና ቢለያይ ገበያው በጠብ ያልቃል። በ1999 እ.ኤ.አ. ይህ በማርስ ላይ ደርሷል። ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የተባለችውን የአሜሪካ መንኮራኩር ከሚመሩት አንዱ ወገን የግፊቱን ልክ በፓውንድ ሲልክ ሌላው በኒውተን መስሎት ተቀበለ። መንኮራኩሯ ከታሰበው በላይ ወደ ማርስ ተጠግታ ጠፋች። ኮምፒውተሩ ቁጥሩን አየ፤ ቁናው የማን እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

እኛ ይህን በየቀኑ እንኖረዋለን። «ፈተናው 2 ሰዓት ነው» ስንል ጠዋት ማለታችን ነው፤ የውጭ ሰዓት የለመደ ስልክ ግን ከሰዓት ወይም ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይቀሰቅሳል። የካቲት 30 የተወለደች እህት በኢንተርኔት ፎርም 30/02 ብትሞላ «እንዲህ ያለ ቀን የለም» ትባላለች፤ በፈረንጁ የካቲት ከ29 አያልፍምና። በጳጉሜን የተወለደ ወንድማችን ጭራሽ አልተወለደም፤ የፎርሙ ወር 12 ላይ አልቋል። በ1996 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ዓመቱን እንዳለ በውጭ ፎርም ላይ ቢጽፈው በአንድ ጠቅታ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ያረጃል። እዚህ ላይ ሳቁ ይቆማል፤ የዕድሜ ገደብ ያለው የትምህርት ዕድል ሊያመልጠው ይችላል።

ስምንት ሙሐመድ

ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬ በማንኛውም ስልክ አማርኛ መጻፍ የቻልነው በዚህ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተር የሚያየው ድምፅን ሳይሆን ቁጥርን ነው። ሀ 4608፣ ሃ 4611፣ ሐ 4624፣ ሓ 4627 ነው። ለእኛ አንድ ድምፅ፣ ለእሱ አራት የማይተዋወቁ ሰዎች!

አሁን ሙሐመድ የሚለውን ስም ጻፉ። አንዱ በመ፣ ሌላው በሙ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ፊደል ከአራቱ አንዱ ነው። ሁለት ጊዜ አራት ስምንት። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ መልኩ ይበዛል። የአስራ ሁለተኛ ክፍል ሰርተፍኬቱ ላይ «መሀመድ»፣ የባንክ ደብተሩ ላይ «ሙሐመድ»፣ መታወቂያው ላይ «መሃመድ» የሆነ ሰው ለኮምፒውተር ሦስት ሰው ነው። ፀሐፊዋ «ስምህ የለም» ስትል አልዋሸችም፤ ማሽኑ በጠየቀችው ቁጥር ልክ አላገኘውም። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው «ሀ እና ሐን እንደ አንድ ቁጠር» የምትል መስመር ቢጨምር ኖሮ ወረፋው በግማሽ ይቀንስ ነበር።

«የቤተሰብ ስም» የሚለው ሣጥንም አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ፎርሙ ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት የተለያየ «የመጨረሻ ስም» ይዘው ሲመጡ ቤተሰብ መሆናቸውን ይጠራጠራል። ኒካሓቸውን ያሰረላቸው ፕሮግራመር ስላልሆነ ነው።

የረመዳን 6 ሌሊት

አሁን ሁላችንም የምናውቀው ጉዳይ ላይ ደረስን። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ፣ በረመዳን 1445 ስድስተኛው ሌሊት፣ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ችግር ገጠመው። ደንበኞች በሒሳባቸው ካላቸው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በቴሌግራም በየዩኒቨርሲቲው ተዛመተ፤ ኤቲኤም ፊት ሰልፍ ሆነ። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ የሳይበር ጥቃትም አልነበረም።

ማንኛውም የኤቲኤም ፕሮግራም ቢያንስ ሦስት ነገር መጠየቅ አለበት። ካርዱ ትክክል ነው? የሚስጥር ቁጥሩ ትክክል ነው? በሒሳቡ ያን ያህል ብር አለ? ሦስተኛው ጥያቄ ከተዘለለ ወይም የተሳሳተ መልስ ካገኘ ማሽኑ አይጠራጠርም። አንድ ተማሪ በሌሊት ለአምስተኛ ጊዜ ሲመለስ የሱቅ ሻጭ ቢሆን «አንተ ልጅ፣ ደህና ነህ?» ይል ነበር። ማሽኑ ግን ብር ቆጥሮ ሰጥቶ «ስለተጠቀሙ እናመሰግናለን» ይላል።

ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ገንዘቡን እንዲመልሱ ማስታወቂያ አወጡ፤ ብዙዎች መለሱ። ያልመለሱትን ባንኩ ስምና ፎቷቸውን ለጠፈ። «ማሽኑ ሰጠኝ እንጂ አልሰረቅኩም» የሚል ክርክርም ተሰማ። ይህ ክርክር «እይ እንጂ አባርር አልተባልኩም» እንደሚለው ልጅ ነው። ማሽን «ይቻላል» ሲል «ይፈቀዳል» ማለቱ አይደለም። ሐላልና ሐራም የሚባል ሣጥን በውስጡ የለም፤ ኒያም የለውም። ያ ጥያቄ ቁልፉን ለሚጫነው ሰው የተተወ ነው።

ምን እናድርግ?

ስማችሁን በአማርኛም በላቲንም በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ወስኑ፤ ፋይዳ፣ ባንክና ሬጅስትራር ላይ አንድ መሆኑን ከመመረቃችሁ በፊት አረጋግጡ። ቀን ስትጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ጨምሩበት። ሰዓት ስትቀጣጠሩ ጠዋት ወይም ማታ በሉ።

ፕሮግራም የምትጽፉ ደግሞ ሥራችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ጳጉሜን 6 የተወለደችን ሰው መዝግቡበት፤ ሙሐመድንም በስምንቱም መንገድ ፈልጉበት። አንዱን ካጣችሁት ሥራው አላለቀም፤ በመስኮቱ ፊት «የለህም» የሚባል ወንድም አለና። ላሟንም የት ድረስ እንደምትባረር መጻፍ አትርሱ።