መዥገሩ ውሻው ላይ ብቻ አይደለም

በየግቢያችን በር ላይ የሚተኛውን ውሻ እስቲ አንድ ጊዜ ጆሮውን ገልበጥ አድርገን እንየው። በጆሮው እጥፋት፣ በአንገቱ ሥርና በጣቶቹ መካከል ግራጫ ፍሬ የመሰለ ነገር ተጣብቆ እናገኛለን። መዥገር ነው። ደም ጠጥቶ የጠገበው ልክ የጉሎ ፍሬ ይመስላል። የጥንት ሮማውያንም ይህን መመሳሰል አይተው መዥገርንና ጉሎን በአንድ ስም ይጠሩ ነበር።

ለውሻ መዥገር የግድግዳ ጋዜጣ ምን ያደርግለታል የሚል አንባቢ አይጠፋም። ምክንያታችን ይህ ነው። ባለፈው ዓመት ጥቂቶቻችን ተከራይተን በምንኖርበት ግቢ አንድ ውሻ ነበር። መዥገር ቢበዛበት አከራያችን ለሰብል የተገዛ ፀረ ተባይ በውሃ በጥብጠው፣ «ልጆቼ፣ እስቲ ያዙልኝ» አሉን። ያዝንላቸው። ጀርባው ላይ ሲያፈሱበት «ጎሽ፣ አሁን ይገላገላል» ያልነውም እኛው ነን። ማታውኑ ለሃጩ ይዝረከረክ፣ ሰውነቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳይነጋ ሞተ። የሚገርመው ታዲያ ከሦስት ሳምንት በኋላ በመኝታችን ግድግዳ ላይ መዥገር ሽቅብ ሲሄድ ማየታችን ነው። ውሻው የለም፣ መዥገሩ ግን አለ።

ይህ ለምን ሆነ? መልሱ የመዥገር አኗኗር ውስጥ ነው። በአገራችን ውሾች ላይ ከሚገኙት አንዱ ቡናማው የውሻ መዥገር ነው። እንስቷ ስትጠግብ ከውሻው ላይ ወርዳ በግድግዳ ስንጥቅ፣ በድንጋይ ሥር ወይም በጉዝጓዝ ውስጥ ትገባና እስከ 4,000 የሚደርስ እንቁላል ጥላ ትሞታለች። ከእንቁላሉ 6 እግር ያለው እጭ ይፈለፈላል። እጩ ውሻ ላይ ወጥቶ ደም ጠጥቶ ይወርዳል፤ ቆዳውን ገፍፎ 8 እግር ያወጣል። እንደገና ወጥቶ ጠጥቶ ይወርዳል። ሙሉ መዥገር ሲሆን ለሦስተኛ ጊዜ ይወጣል። እንግዲህ እናስላው፦ ውሻው ላይ የሚቀመጠው ሦስት ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ቀናት ነው። የቀረውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ከውሻው ውጭ ነው። ሙሉው መዥገር ደም ሳያገኝ ከዓመት በላይ መቆየት ይችላል። የእኛ አካባቢ ቤት ደግሞ ይመቸዋል፤ ምርጊቱ የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ፣ የቀርቀሃ አጥር፣ የድንጋይ ካብ እያለለት መደበቂያ ምን ቸገረው! ከከብት ጋር የሚውልና የሚያድር ውሻም የከብቱን መዥገር ጭምር ይዞ ይገባል።

ነገሩ ደም መምጠጥ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ቲዎባልድ ስሚዝና ኪልቦርን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንድን የከብት ትኩሳት ከከብት ወደ ከብት የሚያሸጋግረው መዥገር መሆኑን አስረድተው አሳተሙ። የዚያ በሽታ ተውሳክ ባቤዝያ ይባላል። የውሻም ባቤዝያ አለ፤ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርስበታል። ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ጠላ ይመስላል፣ ምግብ ይተዋል። ኤርሊኪያ የሚባለው ባክቴሪያ ደግሞ ነጭ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ቀስ በቀስ ያከሳዋል፤ አንዳንዴም ይነስረዋል። እንዲህ ያለውን ውሻ «አርጅቷል» ብሎ መተው የተለመደ ነው። በጊዜ ከተደረሰበት ግን መድኃኒት አለው።

ሰውም አይቀርለትም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 በአገራችን ከከብት ከተለቀመ መዥገር ሪኬትሲያ የሚባል ባክቴሪያ ተገኝቶ ነበር፤ ይኸው ባክቴሪያ በሰው ላይ የመዥገር ትኩሳት የሚያስከትል ነው። የተነከሰው ቦታ ጥቁር ቅርፊት ያወጣል፣ ራስ ምታትና ትኩሳት ይከተላል። ነገ በባንጃም ሆነ በቆላማው ጃዊ ስናስተምር፣ መዥገር ከውሻ ነቅለው በጥፍራቸው የሚያፈርጡ ልጆች ማየታችን አይቀርም። ደሙ ተውሳክ ሊኖርበት ስለሚችል ይህን ማስተው የእኛ ሥራ ነው።

አነቃቀሉ ከባድ አይደለም። መጀመሪያ ውሻውን የሚያምነው ሰው ይያዘው፤ የሚናከስ ከሆነ አፉ በጨርቅ ይታሰር። እሾህ በምናወጣበት ወረንጦ መዥገሩን ከሆዱ ሳይሆን ከቆዳው አጠገብ፣ ከአፉ ላይ ይዘን፣ ሳናጣምም ቀጥ አድርገን ቀስ ብለን እንስባለን። ቅንጣት ቢቀር በመርፌ መቆፈር አያስፈልግም፣ ቆዳው ራሱ ይተፋዋል። የተነቀለው አልኮል ውስጥ ይጨመር፤ ቦታውንና እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ላምባ መቀባት ወይም በክብሪት መለብለብ የሚሉትን ግን እንተወው። መዥገሩ ሲጨነቅ ምራቁን መልሶ ወደ ቁስሉ ሊተፋ ይችላል፤ የውሻውም ቆዳ ይቃጠላል።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ የሰብል መርዝ ውሻ ላይ አይፈስም፤ ውሻ የነካውን ሁሉ ይልሳል። ለከብት የሚሸጠውም ቢሆን ለውሻ የሚበጠበጥበት መጠን ሌላ ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም ሊወስነው ይገባል። በተለይ በፈረስ አገር ሆነን ልንዘነጋው የማይገባን አንድ ነገር አለ። ለውሻና ለከብት መዥገር የሚያገለግለው አሚትራዝ ለፈረስ አደገኛ ነው፤ አንጀቱን ያደርቅና ሆድ ቁርጠት ያመጣበታል። ከውሻው የተረፈውን ፈረሱ ላይ መርጨት እንዳይሞከር።

ዋናው ሥራ ያለው ግን ቤቱ ላይ ነው። ውሻው የሚተኛበት ጉዝጓዝ በየሳምንቱ ወጥቶ ይቃጠል። ስንጥቁ ላይ የፈላ ውሃ ይፍሰስበት፣ ሲደርቅ በጭቃና በእበት ይመረግ። በደጁ ዙሪያ ያለው ሣር ይታጨድ፤ ከዝናብ በኋላ መዥገር ሣር ጫፍ ላይ ወጥቶ አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃል። ዶሮዎች ለቅመው ቢያግዙንም ሁሉን አይጨርሱትም። እንቁላልና እጭ በየተራ ስለሚነሣ ሥራው በአንድ ቀን አያልቅም፣ ለወራት መደጋገም አለበት።

አከራያችን ሌላ ቡችላ አምጥተዋል። ግድግዳውን አብረናቸው መረግን። አሁን በየሳምንቱ ቅዳሜ ከልብስ አጠባ በኋላ አንዳችን ወረንጦ፣ አንዳችን አልኮል ያለበት ጠርሙስ ይዘን ጆሮውን እናያለን። ባለፈው ቅዳሜ ሁለት አገኘን።