የደሙ ውጤት ይነገረን ወይስ ይቅርብን?

ሐኪም አንዱን ሕመምተኛ «ከደምህ ውስጥ ያገኘሁትን ሁሉ ልንገርህ ወይስ ልተውልህ?» ብሎ ቢጠይቀው መልሱ ቀላል መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የሚነገረው ስለ ሕመምተኛው ሥጋ ብቻ ሳይሆን ገና ስላልታመሙት ልጆቹና እኅቶቹም ጭምር ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ዛሬ በብዙ አገር የነቀርሳ፥ ማለት የካንሰር ሕሙማን የሚያጋጥማቸው ጥያቄ ይኸው ነው።

አብዛኛው ነቀርሳ በዘር የሚተላለፍ አለመሆኑን አስቀድመን ለአንባቢዎቻችን ማሳሰብ እንወዳለን። ከመቶው ከ5 እስከ 10 የሚሆነው ግን ከእናት ወይም ከአባት በተወረሰ የጂን ጉድለት የሚመጣ ነው። ጉድለቱ ያለበት ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የማውረሱ ዕድል ብዙውን ጊዜ እኩል በእኩል ነው፤ ወይ ይደርሰዋል፥ ወይ አይደርሰውም።

እንዲህ ያለው የደም ምርመራ ከመታወቁ በፊት፥ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1895 ዓ.ም.፥ በአሜሪካ የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበሩት ዶክተር አልድሬድ ዋርቲን ልብስ ሰፊያቸው አዝና ቢያዩአት ምክንያቱን ጠየቋት። እርስዋም ዘመዶቿ በማሕፀንና በሆድ ዕቃ ነቀርሳ ተራ በተራ መሞታቸውን፥ እርስዋም በዚያው እንደምትሞት ነገረቻቸው። የዘመዶቿንም ታሪክ እየሰበሰበች ሐኪሙን ረዳች፤ እርሳቸውም የቤተ ሰቡን ሐረግ በ1913 አሳተሙ። ሴቲቱ እንደ ፈራችው በማሕፀን ነቀርሳ ሞተች።

በ1962 ደግሞ በኔብራስካ በኦማሃ ከተማ ወጣቱ ሐኪም ሄንሪ ሊንች በመጠጥ ብዛት የታመመ ሰው አጋጠማቸው። ለምን ይህን ያህል ትጠጣለህ ቢባል፥ ዘመዶቼ ሁሉ የሚሞቱት በነቀርሳ ስለ ሆነ እኔም አልቀርለትም አለ። ይህ በዘር የሚወርድ ደዌ ዛሬ በሐኪሙ ስም ሊንች ሲንድሮም ይባላል።

ሁለቱም አልተመረመሩም፤ ሁለቱም ግን ፍርዳቸውን በገዛ ራሳቸው ላይ ፈርደው ነበር። አለማወቅ ሰላም ይሰጣል የሚሉ ሰዎች እነዚህን ሁለቱን ቢያስቧቸው መልካም ይመስለናል። ከአንድ ቤት ብዙ ሬሳ ሲወጣ ያየ ሰው ማንም ሳይነግረው ይፈራልና። የደም ምርመራ ቢኖር ኖሮ ከእንዲህ ያለው ቤተ ሰብ ልጆች ግማሽ ያህሉን «አንተስ ነፃ ነህ» ለማለት በተቻለ ነበር።

የሊንችን ደዌ ከሚያመጡት ጂኖች አንዱ በ1993 ታወቀ። የጡትና የእንቁልጢን ነቀርሳ ከሚያመጡት ሁለቱ፥ ብራካ አንድና ብራካ ሁለት የሚባሉት፥ በ1994ና በ1995 ተለይተው ታወቁ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ሕሙማንን ሲጠይቁ አብዛኞቹ ውጤቱ ይነገረን ይላሉ። ምክንያታቸውን ሲጠየቁ ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ያነሣሉ፤ እኔስ ታምሜአለሁ፥ ልጄ ግን አስቀድማ ትጠንቀቅ ይላሉ። ለራሳቸውም ቢሆን ጥቅም አለው፤ ኦላፓሪብ የሚባለው መድኃኒት በ2014 በአሜሪካ ሲፈቀድ የብራካ ጉድለት ላለባቸው የእንቁልጢን ነቀርሳ ሕሙማን ነበር።

ይቅርብን የሚሉትንም ሞኞች ናቸው አንልም። ሕመሙን ትናንት ሰምቶ ነገ ቀዶ ጥገና የሚጠብቀው ሰው ሌላ ሸክም ለመጨመር ጊዜው አይደለም ቢል እውነት አለው። የዲ.ኤን.ኤን ቅርጽ በ1953 ካስታወቁት አንዱ ጄምስ ዋትሰን እንኳ በ2007 ጠቅላላ የዘር ጽሑፋቸው ሲነበብ፥ ከአእምሮ መድከም በሽታ ጋር የተያያዘው አንድ ጂን እንዳይነገራቸው ጠይቀዋል። ነገሩን ከሁሉ ይልቅ የሚያውቁት ሰው እንዲህ ካደረጉ ሌላው ቢያመነታ ምን ይደንቃል!

ደግሞም መልሱ ሁልጊዜ አዎን ወይም አይደለም ብቻ አይደለም። ለውጥ አግኝተናል፥ ነገር ግን ጉዳት ያለው መሆኑን ገና አናውቅም የሚል ውጤት ብዙ ጊዜ ይመጣል። እንዲህ ያለው ለውጥ ቈይቶ ሲጣራ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የሌለው ሆኖ ይገኛል፤ እስከዚያው ግን ሕመምተኛው በጥርጣሬ ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጭንቅ ቤት ከተገባ በኋላ ያለው ነው። እናት ለልጅዋ ያወረሰችው ሀብት ሳይሆን ደዌ መሆኑን ስትሰማ፥ ባላጠፋችው ጥፋት ራስዋን ትወቅሳለች። ከጉድለቱ ነፃ የሆነውም ወንድም በታመሙት ፊት በደስታው ያፍራል። ወሬው ለእኅትና ለሴት ልጅ ቶሎ ይደርሳል፤ ለወንዶቹ ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የጡት ነቀርሳን ጂን አባትም እንደ እናት ያወርሳልና።

ለዘመድ የመንገር ግዴታ የማን ነው? በአሜሪካ በፍሎሪዳ አንዲት ሴት እናቷ በታከመችበት የእንቅርት ዕጢ ነቀርሳ ራስዋም ተይዛ ብትገኝ፥ በዘር እንደሚተላለፍ አላስጠነቀቁም ብላ የእናቷን ሐኪሞች ከሰሰች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1995 ሐኪሙ የማስጠንቀቅ ግዴታ ሊኖርበት ይችላል፥ ለታማሚው መንገሩ ግን ይበቃዋል ሲል ወሰነ። እንግዲህ ቀሪው መንገድ የሕመምተኛው ነው።

በአገራችን ከባድ ሕመም ሲገኝ ከታማሚው ደብቆ ለቤተ ዘመድ መንገር የቈየ ልማድ ነው። በዘር ለሚወርድ ደዌ ግን ይህ ልማድ አይሠራም፤ ምስጢሩን የሚቀበለው ዘመድ ራሱ ባለጉዳይ ነውና። ከመርዶ አነጋገራችን ግን የሚወሰድ አለ፤ ሰዓት ይመረጣል፥ ሽማግሌ ይላካል፥ ሰው ብቻውን ሆኖ እንዲሰማ አይደረግም። በአሜሪካ ከ2021 ወዲህ የምርመራ ውጤት ሳይዘገይ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ለሕመምተኛው እንዲገለጥ ሕግ ስለሚያዝ፥ ሐኪሙ ሳያየው በሌሊት ብቻውን የሚያነብ ሰው አይጠፋም።

አንዳንድ ሐኪሞች ደም ከመቀዳቱ በፊት የሚያነሡት ጥያቄ ደስ ያሰኘናል። ውጤቱ እስኪመጣ ብዙ ሳምንት ሊፈጅ ስለሚችል፥ በዚያ መካከል አንተ በሕይወት ባትኖር ለማን እንንገርልህ? ብለው ይጠይቃሉ፤ ሕመምተኛውም የአንድ ዘመዱን ስም ያስመዘግባል።